የእናቴ ጉድጓዶች ከሰማይ ሲታዩ

እናቴ ሰው አልገደለችም። ይህን አስቀድሜ እጽፈዋለሁ፤ የሚያነብ ሰው ሌላው ቢታክተው እንኳ ይህችን አንድ መስመር አንብቦ ይተው። የጎረቤታችንን ልጅ ከድጃን፣ ጋራ አዲ በሚባለው ኮረብታችን ላይ መሬት ተከፍቶ ሲውጣት፣ ጉድጓዱን የቆፈረችው ዘነበች ናት ተባለ። ዘነበች እናቴ ናት። ሽማግሌ ተቀመጠባት፣ ጉማ ክፈይ ተባለች፣ የደም ካሳ ማለት ነው፤ ያላትን አንዲት ላም ከነጥጃዋ ነድታ አስረከበች። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ ስሟ «ያቺ የልጅቷን ደም የከፈለችው» ነበር። ጉማ ከተከፈለ በኋላ ነገሩ ተዘግቷል፣ ማንም አያነሳውም፤ የአገሩ ሥርዓት ነው። እኔ ግን አነሳዋለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ፊደሌም ይዘማል፤ የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ትገለብጥልኛለች። ቃሌን እንዳትለውጥ አስምዬአታለሁ።

የቀሰቀሰኝ አንድ ድምፅ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከአሰላ ወደ ጋራ አዲ ወጣሁ። የታናሽ ወንድሜ ልጅ ታደሰ ገብሱ መንጣት ሲጀምር ማየት እንደምወድ ስለሚያውቅ በየዓመቱ ይጠራኛል። ድሮ ይህን መንገድ በጋሪ ነበር የምንሄደው። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ባለጋሪው «ውረዱ እንጂ፣ ፈረሱም ነፍስ አለው» ይላል፤ ወርደን ከኋላ እንገፋለን፣ ሒሳቡን ግን እንደተቀመጠ ሰው ነው የምንከፍለው። ገና ልጅ ሆኜ ስለዚህ ነገር እከራከር ነበር። አሁን ባጃጅ ነው፤ እሱም ዳገቱ ላይ ያቃስታል፣ ሾፌሩም ውረዱ ይላል፣ እኔም እከራከራለሁ። እንዲያ እያልኩ ደርሼ እርሻው ጫፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከላዬ የንብ መንጋ የሚመስል ጩኸት መጣ። ቀና ስል አራት ክንፍ ያለው ነገር የጭላሎን ተራራ ጀርባው አድርጎ አየር ላይ ቆሟል።

«አይዞዎት እትዬ፣ ድሮን ነው» አለኝ ታደሰ። «ጉድጓድ ፈላጊ ነው።»

«ምን ጉድጓድ?»

«የድሮ የማዕድን ጉድጓድ አለ ተብሎ ነው። አምና የኮምባይነሩ ጎማ የገባበትን ረሱት?»

አልረሳሁትም። ባለፈው ዓመት ስንዴ ሊያጭድ የመጣ ኮምባይነር እዚያው ጎረቤት እርሻ ላይ ፊቱን ደፍቶ ሰመጠ፤ ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ በሦስት ቋንቋ ተሳደበ። ከዚያ በኋላ የኮምባይነር ባለቤቶች ጋራ አዲን አንረግጥም አሉ፤ ሰዉም እንደ ጥንቱ በማጭድ ጎንበስ አለ። ስለዚህ ነው ባለሙያዎች ተልከው የድሮውን ቁፋሮ ከሰማይ እያነሱ ምልክት የሚያደርጉት። የጋራ አዲን ጉድጓድ የሚፈልግ ሰው እናቴን ነው የሚፈልገው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መቀመጥ አልቻልኩም።

እናቴ ነጭ አፈር አውጪ ነበረች። አባቴ ቀድሞ ሞቷል፤ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ እሷ በአፈሩ ትኖር ነበር። ያኔ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት እንኳ ግድግዳው ጭቃ ነው። ቀለም የሚባል ነገር የመንግሥት ቢሮ ላይ እንጂ ሰው ቤት አይታይም። ለመስቀል ክርስቲያኑ፣ ለአረፋ እስላሙ፣ ለሰርግ ሁሉም ቤቱን በነጭ አፈር ያስነጣል። አፈሩ ከጉድጓድ ሲወጣ እርጥብ ነው፣ እንደ አይብ ይቆረጣል፤ ሲደርቅ ይነጣል፣ ተዘፍዝፎ በጨርቅ ይጠለልና ግድግዳው ይታሽበታል። አዲስ የተቀባ ቤት ሲገቡበት ዝናብ የመታው አቧራ ይሸታል። ዛሬም ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ኮብልስቶኑ ላይ ሲወርድ ያው ሽታ ይመጣብኛል፤ ምንም ሥራ ይዤ ብሆን እነሳለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በአህያ ጭነን አሰላ ገበያ እንወርድ ነበር። አንድ ጣሳ ነጭ አፈር በአምስት ሳንቲም። እናቴ ጣሳውን ከሞላች በኋላ አናቱ ላይ አንድ እፍኝ ትጨምራለች፤ ከጎኗ ያለችው ነጋዴ ግን በአውራ ጣቷ ጣሳው ውስጥ ቦታ ትይዛለች። እኔ አየሁሽ ብዬ ስጮህ እናቴ ታፍርብኝ ነበር። ገበያው ሲበተን አንድ ስሙኒ ትሰጠኛለች። ስሙኒ ያኔ ገንዘብ ነበር። ማዕዘኑ ላይ ካለው ሻይ ቤት በር ትኩስ ፓስቲ እገዛለሁ፤ ዘይቱ በጣቴ እየወረደ ከውስጥ የሚጮኸውን ራዲዮ ቆሜ እሰማለሁ። ሴት ልጅ ሻይ ቤት አትገባም፣ በሩ ላይ መቆምን ግን የከለከለ የለም። እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ የሚጋል። ማዕዘኑ አሁን ባንክ ሆኗል፤ በሩ ላይ ስቆም ዘበኛው «እናቴ፣ ይግቡ ወይ ይለፉ» ይለኛል። ምን ላስረዳው?

ወደ ጉድጓዱ ልመለስ። ሴቶቹ አፈር የሚያወጡት አንድ ቀን ተጠራርተው ነው። እያንዳንዷ የራሷ ጉድጓድ አላት፣ የሌላዋ ውስጥ መግባት እንደ ሌብነት ነበር። አንዷ ውስጥ ሆና በመቆፈሪያ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ በቅርጫት ትስባለች፤ ጉድጓዱ ከደረት በላይ ከጠለቀ ይተዋል። እየሠሩም ይዘፍናሉ፣ እዚያው የሚፈጥሩት ነው፤ አማቷን የምትፈራ አንዲት ሴት ያወጣችውን እስካሁን አልረሳሁም፦

ግድግዳዬ ነጭ፣ እጄም ነጭ ሆነ፣
አማቴ አየችና ልቧ ደነደነ።

ሲጨርሱ ደግሞ ይደፍናሉ። ይህ ዋናው ነው፣ አንባቢዬ ይህን ልብ በልልኝ። ከብት እንዳይገባበት፣ ልጅ እንዳይወድቅበት፣ ጉድጓዱን በድንጋይና በጥቁር አፈር ሞልተው፣ እየዘፈኑ በእግራቸው ይረግጡታል። ክፍት ጉድጓድ ትታ የሄደች ሴት ጎረቤቷ እሳት አይጭርላትም ነበር፤ ክብሪት በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም። እናቴ ባል ስለሌላት ከሁሉም አብልጣ ትጠነቀቅ ነበር። ስም አውጪው ብዙ ነው፣ ትለኛለች።

ከዚያ ኮንትራክተሩ መጣ። ስሙን አልጽፍም፤ ዘሮቹ አሉ፣ እነሱ ምን አደረጉኝ? ካኪ ሱሪ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ላንድሮቨር ነበረው። ነጭ አፈሩን ሩቅ ላለ ፋብሪካ ያስወጣ ጀመር። እንደ እኛ ደረት ድረስ አይደለም፤ ቀጥ ያለ ጉድጓድ በረድፍ ያስቆፍርና ከሥር በዋሻ ያገናኘዋል። የጋራ አዲ ወንድ ሁሉ እዚያ ተቀጠረ። የከድጃ አባት ቃሲምና ወንድሟ ሁሴንም ገቡ። ወንዶቹ ቅዳሜ ማታ ሲከፈላቸው አዲስ ባርኔጣ፣ ባትሪ፣ ለሚስት ቴትሮን ቀሚስ ይዘው ይገባሉ፤ መንደሩ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ ሸተተ። ሴቶቹ አንድ ቃል አልተጠየቁም። እናቴ ብቻ ካቦውን፣ የሠራተኞቹን አለቃ፣ መንገድ ላይ አቁማ «ከእግራችን ሥር እየገባችሁ ነው፣ ስትወጡ ትደፍኑታላችሁ ወይ?» አለችው። «እኛ እንደ እናንተ በእግራችን አንረግጥም፣ ኢንጂነር አለን» ብሎ ሳቀባት።

ከድጃ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ሳቂታ ነበረች፤ ስትስቅ መዳፏን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ አንድ ጥርሷ በሌላው ላይ ስለወጣ። ታጭታ ነበር። ያጫት ሰው ከአቦምሳ አረንጓዴ ቴትሮን አምጥቶላት፣ እንዳታረጀው ብላ ለብሳው ሳይሆን ተሸክማው ነበር የምትዞረው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲወርድ ቆይቶ ባባራ ቀን፣ ለሰርግ ቤቷ ነጭ አፈር ልትወስድ መጣች። እናቴ ቅርጫቷን ሞላችላት፣ አናቱ ላይም እንደ ልማዷ ጨመረች። «ሲነጣ መጥቼ አያለሁ» አለቻት። ከድጃ ሁላችን በምንሄድበት በግጦሹ አቋራጭ ሄደች። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳያት ነበር። ጩኸት አልነበረም። አንድ ከባድ ሰው ቁጭ ሲል የሚያወጣው ትንፋሽ ዓይነት ድምፅ ተሰማኝና ሳይ፣ ከድጃ የለችም። ግጦሹ መሃል አዲስ ጥቁር አፍ ተከፍቷል። ወንዶቹ አካፋ ይዘው ሮጡ፣ አወጧት፤ አንገቷ ጭቃ፣ ፀጉሯ ውስጥ የእናቴ ነጭ አፈር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

ሽማግሌዎቹ የመንደሩ ጥድ ሥር ተቀመጡ። ካቦው የኮንትራክተሩ አፍ ሆኖ መጣ። እናቴን ከመሃል አቆሟት፤ ካቦው በአደጋው ዋዜማ የደፈነችውን ጉድጓድ አሳይቶ «ኮረብታውን ከሥሩ ፈልፍላው ነው። ጥፋት ባይኖራት ለምን ደፈነችው?» አለ።

«ሁልጊዜ እደፍናለሁ» አለች እናቴ። «ሁላችንም እንደፍናለን። ጠይቋቸው።»

ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ እንጨት ሆነዋል። ባሎቻቸው የኮንትራክተሩን ደመወዝ ይበላሉ፣ እነሱም ቆፋሪ ናቸው፣ አንዷ አፏን ብትከፍት ነገ በእሷ ይዞርባታል። ዛሬ ይገባኛል። ያን ቀን ግን በየተራ ፊታቸውን እያየሁ ስለ አማቷ የዘፈነችውን ሳይቀር ጠላኋት። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘነቡ፣ ልጅቷ የተሸከመችው ያንቺን አፈር ነው። ደም መሬት ላይ አይደር። ጉማውን ክፈይና ታረቂ» አላት። እናቴም ስህተቷን ሠራች። «ለሰላም ከሆነ እከፍላለሁ፣ ለበደል ግን አይደለም» አለች። ክፍያውን ሁሉም አስታወሰ፣ ከክፍያው ጋር የተናገረችውን ቃል ግን አንድ ሰው እንኳ አላስታወሰም። ጉማ የከፈለ ሰው ገዳይ ነው፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ አፈሯን የሚገዛት ጠፋ። ኮንትራክተሩም ብዙ ሳይቆይ ጉድጓዱን እንደተከፈተ ትቶ ሄደ። እኛ አሰላ ወርደን ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ሸጥን። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፣ ሲሚንቶና በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም መጣ፣ ነጭ አፈር የሚያውቅ ጠፋ። እናቴ ስትሞት ለቅሶ የመጣች አንዲት ሴት ለሌላዋ «የልጅቷን ደም የከፈለችው ናት» ስትል ሰማኋት፤ በሬሳዋ ፊት።

እንግዲህ ያን ድሮን ይዞ የመጣውን ሰው ፍለጋ እርሻውን ዞርኩት። ወንድ ነው ያልኩት ሴት ሆና ተገኘች፤ ሊዲያ የምትባል፣ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች፣ ጃኬት የደረበች ቀጭን ልጅ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰፊ ስልክ የሚመስል ነገር ላይ አፍጥጣለች።

«ማዘር ይጠጉ፣ አይናከስም» አለችኝ ስጠራጠር አይታ።

ተጠጋሁ። ያደግኩበት ኮረብታ በመዳፏ ላይ ተኝቷል፣ እንደ ቁርበት ተዘርግቶ። የታደሰ ገብስ ነጭ ሆኗል፤ በነጩ ላይ ግን ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች እዚህም እዚያም ተበትነዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የተደፈኑ ጉድጓዶች። ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲሞላ ውስጡ ለስላሳና ጥልቅ አፈር ይሆናል፣ እርጥበት ይይዛል። ሌላው ገብስ ሲደርቅ እዚያ ላይ ያለው ገና ለምለም ነው። መሬት ላይ ሆነው አይለዩትም፣ ከላይ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። በዚህ ሳምንት ካልተነሳ ሁሉም ደርቆ ይጠፋል።» ጣቷን ወደ ግጦሹ ገፋች። «እነዚህ ደግሞ ሌላ ናቸው። አዩ? መሃሉ ክፍት፣ ዙሪያው ላይ የተቆለለ ፍርስራሽ፣ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። በረድፍ ናቸው። ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄደው ይሄ ጥላ የሚመስል መስመር ከሥሩ ዋሻ ስላለ ነው፤ መሬቱ ሰጥሟል።»

«መሃሉ ላይ የወደቀው ሰፊውስ?»

«ዋሻው የተደረመሰበት ነው። ልክ መስመሩ ላይ።»

ድንጋዩ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በዚያ ቀን የተቀመጥኩት ያኔ ብቻ ነው። «አረንጓዴዎቹስ?» አልኳት። «እዚህ መስመር ጋ የሚደርስ አለ?»

አሰፋችው፣ አጠበበችው፣ ጊዜ ወሰደች። ለእኔ ብላ አልቸኮለችም፣ ስለዚህም ወደድኳት። «የለም» አለች። «በጣም ይርቃሉ፣ ጥልቀትም የላቸውም። ግን ማዘር፣ ከላይ የሚታየው የት እንደተቆፈረ ነው። ማን እንደቆፈረው እኔ ልነግርዎት አልችልም።»

«ማን እንደቆፈረውማ ከአንቺ ምን አስጠየቀኝ!» አልኩና ምስሉን ስልኬ ላይ እንድትልክልኝ ለመንኳት።

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ፣ ጉማ የተከፈለበትን ነገር መቆስቆስ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ሞተዋል፣ ካቦው ሞቷል። ማን ቀረና? ሁሴን ብቻ። ሽማግሌ ሰው ደጅ ሄደሽ የእህቱን ሬሳ ልታወጪ ነው? ምን ይላል?»

«ምን እንደሚል ለመስማት ነው የምሄደው» አልኳት። ያን ሳምንት ግን አልሄድኩም። ፈራሁ አልልም፤ እየተነሳሁ ነጠላዬን አጣፋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ገበያ እወርዳለሁ፣ ሳልገዛ እመለሳለሁ። የልጅ ልጄ ምስሉን አሳይኝ ስትለኝ አሳያታለሁ፣ ለጎረቤቶቼም አሳየሁ። አንዷ «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ይጠቅምሻል?» አለችኝ። ሽንኩርት ስመዝን አንድ ፍሬ ቢጎድልባት ሦስት ቀን የምታኮርፍ ሴት ናት።

በመጨረሻ ሄድኩ። ሁሴን ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በትሩ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። ዓይኑ ደክሟል፣ ምላሱ ግን አልደከመም።

«አካም፣ ሁሴን» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።

«ነገያ። ጥሩወርቅ ነሽ? እስካሁን አልሞትሽም እንዴ?»

«አንተን ቀድሜ? ያን ደስታማ አልሰጥህም።»

ሳቀ። ሚስቱ ፋጡማ እርጎ በጣሳ አመጣችልኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ስንዴው ዋጋ አማረረች። እርጎውን ጠጣሁ፤ ሳልጠጣ ብናገር ጠብ ይዤ እንደመጣሁ ይቆጠር ነበር። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ምስሉን ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ስለ ድሮኑ፣ ስለ አረንጓዴዎቹ፣ ስለ መስመሩ፣ ሊዲያ የነገረችኝን ሁሉ ሳልተነፍስ ነገርኩት። ፋጡማ ጣሳውን ይዛ ቆማ ቀረች።

ሁሴን ስልኩን አላየውም። በእጁ ጀርባ ቀስ አድርጎ ወደ እኔ መለሰው። «አስቀምጪው» አለኝ።

«ዓይንህ ካላየ ፋጡማ አይታ ትንገርህ። ከሰማይ የታየ ነው፣ ሁሴን። የሰው ወሬ አይደለም።»

«አስቀምጪው አልኩሽ እኮ። እኔ እዚያ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ እንደነበርክ። እናቴ ጉማ ስትከፍል የላሟን ገመድ ይዘህ የወሰድከው አንተ ነህ። እንግዲህ አንድ ነገር ንገረኝና ልሂድ። እናቴ እንዳልገደለቻት መቼ ነው ያወቃችሁት? ዛሬ ነው? አምና ኮምባይነሩ ሲሰምጥ ነው? ወይስ ኮንትራክተሩ ሲሄድ?»

ፋጡማ «ኧረ ጥሩዬ...» ብላ ጀምራ ተወችው። ሁሴን በትሩን ከጉልበቱ አንስቶ መሬት ላይ ተከለው፣ ሁለት እጁን በላዩ ደረበ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ግጦሹ ማዶ ዞረ።

«ያን ዕለት» አለ። «ከድጃን ገና ሳናወጣት። ከሥር ዋሻውን የሚደግፈውን እንጨት የምናቆመው አባቴና እኔ ነበርን፤ ዋሻው በአቋራጩ ሥር እንደገባ እናውቅ ነበር። ኮንትራክተሩን ጉማ ክፈል ብንለው አንዱም ቤት ደመወዝ አይገባም፣ እኛም እንታሰራለን። ደግሞ የእህቴ ደም ያለ ባለቤት ሊቀር አልቻለም፤ አባቴ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። እናትሽ ባል የላት፣ ወንድም የላት። ክፈይ ልንላት የምንችለው ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ ጥሩወርቅ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረንም።»